ለጋና በሳል፦ ስለ ቅቤ አሲድ የተደረገ ምልልስ

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አክስትየዋ ዕድሜያቸውን በቅቤ ንግድ ያሳለፉ ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ደግሞ የምግብ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ኬሚስት ናት።

አክስት፦ ነይ እስኪ ተቀመጪ። ዛሬ ጠዋት አንዲት ደንበኛዬ የወሰደችውን ቅቤ «ሸተተኝ» ብላ መለሰችልኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላዋ ለጋውን አሽትታ «ጠረን የለውም፣ የተቀላቀለ ነገር አለበት» ብላ ትታው ሄደች። አንዷ ስለሸተተ፣ አንዷ ስላልሸተተ! እኔ ታዲያ የትኛውን ልሽጥ?

ኬሚስቷ፦ ሁለቱም የተናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው፣ አክስቴ። አንዷ አገኘችውና ጠላችው፣ ሌላዋ አጣችውና ጠረጠረች። ቡቲሪክ አሲድ ይባላል። በለጋውም በበሳሉም አለ። በለጋው ታስሮ ይቀመጣል፣ በበሳሉ ተፈቶ ይገኛል፤ ልዩነቱ ይኼ ብቻ ነው።

አክስት፦ ከምን ጋር ነው የታሰረው?

ኬሚስቷ፦ ቅቤም ይሁን ሞራ ወይም ዘይት፣ የቅባት ሁሉ አሠራር አንድ ነው። ግሊሰሪን የምትባል ትንሽ ሞለኪውል አለች፤ ሦስት ማንጠልጠያ ያላት የልብስ መስቀያ አድርገው ያስቧት። በእያንዳንዱ ማንጠልጠያ ላይ አንድ አንድ የስብ አሲድ ተሰቅሏል። የስብ አሲድ የካርቦን ሰንሰለት ነው፤ አንደኛው ጫፉ ላይ አሲድ የሚያሰኘውን ክፍል ይዟል። በሞራና በአብዛኛው ዘይት ላይ የሚሰቀሉት ረጃጅሞች ናቸው፤ 16 እና 18 ካርቦን ያላቸው። የላም ወተት ግን በረጃጅሞቹ መሀል አንድ አጭር ያስገባል፤ 4 ካርቦን ብቻ ያለው። ቡቲሪክ አሲድ እሱ ነው። ቦታውም የታወቀ ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚሰቀለው በዳሩ፣ በሦስተኛው ማንጠልጠያ ላይ ነው።

አክስት፦ ብዙ ነው እንዴ?

ኬሚስቷ፦ በክብደት ከቅቤው ቅባት ከ3 እስከ 4 በመቶ ይሆናል። አንድ ኪሎ ቅቤ 800 ግራም ያህል ቅባት ካለው፣ ውስጡ ከ24 እስከ 32 ግራም ቡቲሪክ አሲድ ታስሮ ተቀምጧል ማለት ነው። በክብደት ሲታይ ያንሳል፤ አሲዱ ራሱ ቀላል ስለሆነ ግን በቁጥር ሲታይ ከሦስት የቅባት ሞለኪውሎች አንዱ ገደማ ይሸከመዋል። ቅቤ አፍ ውስጥ ቶሎ የሚቀልጠውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። አጭሩ ሰንሰለት በረጃጅሞቹ መካከል ሲገባ ጥቅጥቅ ብለው እንዳይደረደሩ ያደርጋቸዋል።

አክስት፦ ሠላሳ ግራም የሚሸት ነገር ተቀምጦበት ለጋው እንዴት ዝም ይላል? ያልገባኝ እሱ ነው።

ኬሚስቷ፦ አንድ ነገር እንዲሸት መጀመሪያ በንኖ አፍንጫ ድረስ መድረስ አለበት። ከግሊሰሪኑ ጋር የታሰረው ቅባት ግዙፍ ነው፤ ከቅቤው ላይ አይነሳም። አሲዱ ሲፈታ ግን ሞለኪውላዊ ክብደቱ 88 ብቻ ነው። በንጹህ መልኩ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ሲሆን የሚፈላው በ163.5 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የሚረጋው ደግሞ ከዜሮ በታች ወደ 5 ዲግሪ ገደማ ነው። ለመሽተት መፍላት አያስፈልገውም፤ በክፍል ሙቀት ከላዩ የሚበነው ጥቂቱ ለሰው አፍንጫ ይበቃል። ስቴሪክ አሲድን ደግሞ እዩት፤ 18 ካርቦን አለው፣ ለመቅለጥ እንኳ ወደ 70 ዲግሪ ይፈልጋል፣ የሻማ መሥሪያ ነው። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ የሰንሰለቱ ርዝመት ብቻ አንዱን የሚበን ፈሳሽ፣ ሌላውን ሽታ የሌለው ሰም አደረገው። ቡቲሪክ አሲድ ከውሃ ጋር በፈለጉት መጠን ይቀላቀላል፤ ረጃጅሞቹ ግን ውሃ አይነካቸውም።

አክስት፦ የሚፈታውስ ማን ነው? ትናንት ለጋ የነበረው በሦስት ሳምንት በሳል የሚሆነው ለምንድን ነው?

ኬሚስቷ፦ ውሃ ነው። አሲዱ ከግሊሰሪኑ ጋር ሲታሰር አንድ ሞለኪውል ውሃ ወጥቶ ነበር፤ ያው ውሃ ተመልሶ ሲገባ ይፈታል። በራሱ ጊዜ ግን በጣም አዝጋሚ ነው። የሚያጣድፈው ላይፔዝ የሚባል ኢንዛይም ሲሆን ከወተቱም ይመጣል፣ እርጎው ላይ ካደጉት ረቂቅ ተሕዋስያንም ይመጣል። እኛ አገር ቅቤ የሚወጣው ከረጋ ወተት ነው፤ ወተቱ ተጠራቅሞ ይረጋል፣ ከዚያ በቅል ወይም በሸክላ ይገፋል። ስለዚህ ከመጀመሪያውም ሥራ የጀመሩ ባክቴሪያዎች አብረው ይወጣሉ። በቅቤው ውስጥ የቀረችው አሬራ ለእነሱ ቀለብ ናት።

አክስት፦ እናቴ ቅቤ በወጣ ቁጥር ውሃው እስኪጠራ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው ነበር። ያልታጠበውን በሽታው እለየዋለሁ፤ ሳምንት አይቆይም።

ኬሚስቷ፦ ስታጥበው የባክቴሪያውን ምግብ እየወሰደችበት ነበር። ወተቱ የሚገባበትን ዕቃ በወይራ ማጠኑም እንደዚሁ ነው፤ ጢሱ ጣዕም ብቻ አይደለም የሚሰጠው፣ ተሕዋስያኑንም ይቀንሳል። እኔ ላቦራቶሪ ገብቼ የተማርኩት ይኼ ሁሉ በቤታችን ሲሠራ እንደኖረ ሳይ ደስታዬ ልክ የለውም። አሠራሩ የነበረው ምክንያቱ ከመታወቁ በፊት ነው።

አክስት፦ ቆይ ግን፣ የከረመ ሁሉ በሳል አይደለም። በሳል ጠረኑ ወደ አይብ፣ ወደ እርጎ ይሄዳል፤ ወጥ ሲሠራበት ያምራል፤ በሳሉን ብቻ የሚጠይቁኝ ደንበኞች አሉ። ሌላው ግን ፀሐይ ላይ የዋለ፣ ላዩ የነጣ፣ አፍ ላይ እንደ ቀለም የሚሆን ነው። እሱን እኔም አልሸጠውም።

ኬሚስቷ፦ ትክክል ለይተውታል፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ያልኩት መፈታት ነው፣ ውሃና ኢንዛይም የሚያመጣው። ሁለተኛውን የሚያመጡት አየርና ብርሃን ናቸው። ኦክሲጅን የሚያጠቃው ረጃጅሞቹን ሲሆን ሰንሰለታቸውን ይሰባብረውና ሌላ ዓይነት ሽታ ይሰጣል። መዳብ ያለበት ዕቃ ያፋጥነዋል። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ቅቤ ከብርሃኑ ይጠበቃል፤ ከውስጡ ውሃ ግን ቅጠሉ አያድነውም። ከውሃው የሚያድነው ማንጠር ነው።

አክስት፦ እሱንማ አውቃለሁ። በደንብ የተነጠረ ቅቤ ዓመት ይቀመጣል።

ኬሚስቷ፦ ምን እንደሚሆን ላስረዳዎት፤ እኔ ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመኝ የወጥ ቤት ሥራ የለም። ቅቤው ሲሞቅ በመጀመሪያ የሚንጣጣውና አረፋ የሚያወጣው ውሃው ነው። ሙቀቱ ላይፔዙን ይገድለዋል። የወተቱ ፕሮቲን ከታች ይዘቅጣል፤ እሱን ያጠልሉታል። ውሃው ካለቀ በኋላ የታሰረው አሲድ እንደታሰረ ይቀራል፤ የሚፈታው የለምና። ቀድሞ የተፈታውስ? እሱ ከሚወጣው እንፋሎት ጋር ተያይዞ ይወጣል። ብቻውን ለመፍላት 163 ዲግሪ ይፈልግ ነበር፤ እንፋሎት ግን ገና በ100 ዲግሪ ይዞት ይሄዳል። ቅቤ ሲነጠር ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው የዚያን ጊዜ ነው። ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ኮሰረቱ ደግሞ የራሳቸውን መዓዛ ለቅባቱ ይለቃሉ።

አክስት፦ ለዚህ ነዋ በሳል ቅቤ ተነጥሮ የሚለዝበው።

ኬሚስቷ፦ ለዚሁ ነው። እና ልብ ይበሉ፣ ይኸው ነገር ነው የእውነተኛ ቅቤ መለያ ሆኖ ላቦራቶሪ የገባው። እ.ኤ.አ. በ1879 ራይኸርት የሚባል ኬሚስት ዘዴውን አወጣ፤ በኋላ ማይስል የሚባል ሌላ አሻሻለው። 5 ግራም ንጹህ ቅባት ይወሰዳል። ከሶዳ ጋር ተቀቅሎ ሳሙና ይሆናል፤ ያኔ የታሰሩት አሲዶች ሁሉ ከግሊሰሪኑ ይላቀቃሉ። ከዚያ ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመርበትና ይፈላል። በእንፋሎት የሚወጡት አጫጭሮቹ ብቻ ናቸው፤ ረጃጅሞቹ እዚያው ይቀራሉ። የወጣው ተሰብስቦ ስንት ሚሊ ሊትር ቀጭን አልካሊ ገለልተኛ እንደሚያደርገው ይለካል። የላም ቅቤ ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 34 ይሰጣል። የፓልም ዘይት አንድ እንኳ አይሞላም። የኮኮናት ዘይት ከ6 እስከ 8 ነው።

አክስት፦ ስለዚህ ገበያው ላይ የረጋ ዘይት የሚቀላቅሉት በዚህ ይያዛሉ?

ኬሚስቷ፦ እኩል በእኩል የቀላቀለ ይያዛል፤ 28 የነበረው ወደ 14 ይወርዳል። አሥር እጅ ብቻ የጨመረ ግን 25 ያመጣና ከደህናው ጋር ተመሳስሎ ያልፋል። ስለዚህ ዛሬ በጋዝ ክሮማቶግራፍ አሲዶቹን አንድ በአንድ እንቆጥራለን፤ የአትክልት ስቴሮል የሚባሉትንም እንፈልጋለን፤ የላም ቅባት ኮሌስትሮል አለው እንጂ እነዚህ አይገኙበትም። ዱቄት ወይም ድንች ከተጨመረ ደግሞ ቀላል ነው፤ ቅቤውን አቅልጠው የዘቀጠው ላይ አዮዲን ጠብ ቢያደርጉ ሰማያዊ ይሆናል።

አክስት፦ እኔ እኮ ሁሌም በአፍንጫዬ ነው የምገዛው። የሸኖ ቅቤ ከሩቅ ይጠራኛል።

ኬሚስቷ፦ አፍንጫዎትን አምነዋለሁ፤ ግን የሚያነበው የተፈታውን ብቻ ነው። አጭበርባሪው ይኼን ያውቃል። ብዙ ሽታ የሌለው የአትክልት ቅባት ወስዶ ጥቂት የበሰለ ቅቤ ቢለውስበት አፍንጫ ይታለላል፤ የታሰረው ግን ጎድሎ ይገኛል። በተቃራኒው ትናንት የተገፋ፣ በደንብ የታጠበ ለጋ ምንም ሳይሸት ሙሉ ሠላሳ ግራሙን ይዞ ይቀመጣል። ከሰዓት በኋላ ትታ የሄደችው ደንበኛዎ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም፣ አክስቴ፤ ሰው ለበዓል ብሎ ካጠራቀመው ገንዘብ ላይ በሀሰት ቅቤ ሲወሰድበት ያናድደኛል።

አክስት፦ እኔንም ያቃጥለኛል፤ ስሙ የሚጠፋው የእኛው ነው። በይ ላሟስ ይኼን አሲድ ከየት አመጣችው? ሣር አይሸትም።

ኬሚስቷ፦ ከጨጓራዋ። በመጀመሪያው ትልቁ ክፍል አየር የለም፤ ባክቴሪያዎቹ ሣሩን አብላልተው አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቡቲሪክ አሲድ ያደርጉታል። ላሟ የምትኖረው በእነዚህ አሲዶች ነው። ከደም አልፈው ጡቷ ሲደርሱ፣ ከአሴቲኩና ከቡቲሪኩ ዘር አዲስ ቅባት ይሠራል፤ ባለ 4 ካርቦኑ በዚያ ይሰቀላል። ፍየልና በግም ያመሰኳሉና አላቸው።

አክስት፦ እና ይኼን ሁሉ መጀመሪያ ያወቀው ማን ነው?

ኬሚስቷ፦ ሚሼል ዩጂን ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ። እ.ኤ.አ. በ1810ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ቅባቶችን ሳሙና እያደረገ መልሶ በአሲድ ይፈታቸው ነበር፤ ከቅቤ የወጣውን የሚሸት አሲድ ለይቶ ስም ሰጠው። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1823 በመጽሐፍ አወጣው። ቅባት አንድ ወጥ ነገር ነው ይባል የነበረው እምነት ያን ጊዜ አበቃ። 102 ዓመት ኖሯል። መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ እ.ኤ.አ. በ1886፣ ፎቶግራፈሩ ናዳር ሲያነጋግረው የናዳር ልጅ ፎቶ ያነሳ ነበር፤ በታሪክ የመጀመሪያው በፎቶ የታጀበ ቃለ ምልልስ ያ ነው ይባላል። ስሙ ኤፍል ግንብ ላይ ከተጻፉት 72 ስሞች አንዱ ነው። ስለ ቅቤ ሽታ የጠየቀ ሰው እዚያ ሰፍሮ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አክስት፦ መቶ ሁለት! ዕድሜ ይስጠን። እኔ ግን ሽታው ከቅሉ አልወጣ እያለ ነው የሚያስቸግረኝ። በሎሚ ባሸው ባሸው ተመልሶ ይመጣል።

ኬሚስቷ፦ ሎሚ ራሱ አሲድ ነው፤ አሲድን አሲድ አያስረውም። በሶዳ ወይም በአመድ ይጠቡት፤ አመድ አልካሊ አለው። አሲዱ ከአልካሊ ጋር ሲገናኝ ጨው ይሆናል፤ ጨው አይበንም፣ የማይበን አይሸትም። ላቦራቶሪ ውስጥ ሲፈስብንም የምናደርገው ይኼንኑ ነው። ንጹሁ እንደ ቅቤው የዋህ እንዳይመስልዎት፤ ቆዳ ያቃጥላል። ከአልኮል ጋር ቢያስሩት ደግሞ ይለወጣል፤ ከኢታኖል ጋር ኢታይል ቡቲሬት ይሆንና አናናስ አናናስ ይሸታል። አናናሱ ውስጥም ያለው አንዱ መዓዛ እሱ ነው፤ ለከረሜላ የሚጨመረውም እሱ ነው።

አክስት፦ አናናስ? ከበሳል ቅቤ?

ኬሚስቷ፦ ያው አራት ካርቦን። መዥገር እንኳ ታውቀዋለች። ፎን ኡክስኩል የተባለ የሥነ ሕይወት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1934 እንደጻፈው፣ መዥገር ቅርንጫፍ ላይ ሆና የምትጠብቀው ከእንስሳ ቆዳ የሚወጣውን የዚህን አሲድ ሽታ ነው፤ ሲደርሳት ራሷን ትጥላለች።

አክስት፦ ከብት ያረባ ሰው ይኼን ቢሰማ አይገረምም፤ መዥገር ከብቱ የሚያልፍበትን ታውቃለች። እኔ የምልሽ ግን፣ በሁዳዴ 55 ቀን ቅቤ አልነካም። ያን ጊዜ ይኼ አሲድ ሰውነቴ ውስጥ አይኖርም ማለት ነው?

ኬሚስቷ፦ ያኔ እንዲያውም ሊበዛ ይችላል።

አክስት፦ እንዴት ሆኖ?

ኬሚስቷ፦ ከሽሮው፣ ከምስሩ፣ ከባቄላው። በጥራጥሬ ውስጥ የእኛ ሆድ መፍጨት የማይችለው ክፍል አለ፤ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድንችም እንደዚያ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከስታርቹ ጥቂቱ ይጠነክርና ከመፈጨት ያመልጣል። ትልቁ አንጀት ውስጥ አየር የለም ማለት ይቻላል፤ ባክቴሪያዎቹ እንደ ላሟ ጨጓራ ያብላሉታል። ከአንዱ ግሉኮስ አንድ ቡቲሪክ አሲድ፣ ሁለት ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሁለት ሃይድሮጅን ይወጣል። ባቄላ ሲበሉ ሆድ የሚነፋው አንዱ ምክንያት ይኼ ጋዝ ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1861 እንዲህ ያሉትን ተሕዋስያን በማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ ጠብታው ዳር አየር በሚነካው በኩል ያሉት መንቀሳቀስ ሲያቆሙ፣ መሀል ያሉት ግን ሲሯሯጡ አየ። አየር የሚገድለው ሕይወት እንዳለ የታወቀው በዚህ አሲድ ምክንያት ነው።

አክስት፦ እሺ፣ አንጀቴ ውስጥ ተሠራ። ምን ይጠቅመኛል?

ኬሚስቷ፦ የትልቁን አንጀት ግድግዳ የሸፈኑት ሴሎች ዋና ምግባቸው እሱ ነው። ሌላው አካል በደም የሚመጣለትን ስኳር ሲያቃጥል፣ እነሱ ግን ከአንጀቱ ባዶ በኩል ቡቲሬቱን ይወስዳሉ። ሮዲገር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980 ከሰው አንጀት የወሰዳቸውን ሴሎች ሲመረምር ከኃይላቸው ወደ 70 በመቶ የሚሆነው ከዚህ እንደሚመጣ አሳየ። ቡቲሬት የምለው አሲዱ ሃይድሮጅኑን ሲጥል ነው፤ በአንጀት ውስጥ ከመቶው 99 ያህሉ በዚያ መልክ ነው ያለው። ሴል ውስጥ ገብቶም ዲ.ኤን.ኤ. የተጠቀለለበትን የሚያጠብቅ ኢንዛይም ያግዳል፤ ያኔ ተዘግተው የነበሩ ዘረ መሎች ይከፈታሉ። በሳህን ላይ ያደጉ የካንሰር ሴሎች መከፋፈላቸውን ሲያቆሙ ታይቷል። ከሳህን እስከ ሰው ግን መንገዱ ረጅም ነውና ለማንም መድኃኒት ብዬ አልናገርም።

አክስት፦ ታዲያ ቅቤዬን «ለአንጀት መድኃኒት» ብዬ ብሸጠውስ? ሰው እንደዚያ ሲል እሰማለሁ።

ኬሚስቷ፦ እንዳይሉ እለምንዎታለሁ። የሚበሉት ቅቤ ውስጥ ያለው አሲድ ትልቁ አንጀት አይደርስም። በዳር ማንጠልጠያ የተሰቀለ ስለሆነ ጨጓራ ውስጥ ያለው ላይፔዝ ቀድሞ የሚፈታው እሱን ነው፤ አጭር ስለሆነም ቶሎ ተመጥጦ በደም ሥር ወደ ጉበት ይሄዳል፤ እዚያ ይቃጠላል። ትልቁን አንጀት የሚመግበው እዚያው የሚሠራው ነው። ያንን የሚሰጥዎት ሽሮው እንጂ ቅቤው አይደለም።

አክስት፦ ልታከስሪኝ ነው የመጣሽው?

ኬሚስቷ፦ በፍጹም! ሽሮው ላይ ቅቤ ጠብ ሲል የሚሰጠውን ጣዕም ምን ይተካዋል? ለጣዕሙ ይሽጡት፤ እውነተኛ ከሆነ ዋጋው ይገባዋል። ያልሆነውን ስም ግን አይጨምሩበት። ቅቤ ላይ ዘይት ከመጨመር የሚለየው በምንድን ነው?

አክስት፦ እሺ፣ ሰምቻለሁ። ግን ያቺ ትታኝ የሄደችው ሴት ነገር ከልቤ አልወጣም። ለጋዬን ንጹህ ነው ብዬ የማምነው ያመጣልኝን ሰው አምኜ ነው። ላስመርምረው ብልስ ስንት ቅቤ ያስፈልግሻል?

ኬሚስቷ፦ ለመለኪያው 5 ግራም ቅባት ይበቃል፤ ለመድገም ያህል ግን ከእያንዳንዱ መቶ መቶ ግራም ይስጡኝ። ለጋውን፣ መካከለኛውንና በሳሉን ለየብቻ። ሳይነጠር፣ በንጹህ ጠርሙስ፣ ከብርሃን ተሸፍኖ። ጠርሙሱ ላይ ከየት እንደመጣና የተገዛበትን ቀን ይጻፉበት።

አክስት፦ የተመለሰብኝንም ልጨምርልሽ?

ኬሚስቷ፦ ይጨምሩልኝ፤ ከሁሉም በፊት የምለካው እሱን ነው።